ቀፎው ቀድሞ መሣሪያው የዘገየባት የጦር መርከብ፦ የአንድ ግዢ የጉዳይ ጥናት

ሱ ሲቲ የተባለችው የአሜሪካ የጦር መርከብ ኖቬምበር 17 ቀን 2018 በአናፖሊስ፣ በባሕር ኃይሉ አካዳሚ፣ በደማቅ ሥነ ሥርዓት ወደ አገልግሎት ገባች። ዕድሜዋ 25 ዓመት እንዲሆን ታስቦ ነበር። ኦገስት 14 ቀን 2023 ፍሎሪዳ በሚገኘው የሜይፖርት ወደብ ሰንደቅ ዓላማዋ ወርዶ ተሰናበተች። አምስት ዓመት እንኳ አልደፈነችም። ጠላት አልመታትም፣ ዓለት አልሰበራትም። እርሷን ከማቆየት መሸኘት ይሻላል ብሎ የጠየቀው ራሱ ባሕር ኃይሉ ነው።

ሱ ሲቲ በአንድ ትልቅ ግዢ ከተሠሩ 35 መርከቦች አንዷ ናት። ስለ መከላከያ ወጪ ሲነሳ ሁሉም የሚጠይቀው ስንት ገንዘብ እንደወጣ ነው። እኔን በዚህ ጉዳይ ላይ ያቆየኝ ገንዘቡ የወጣበት ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ቀፎው፣ ማለትም የመርከቧ ባዶ አካል፣ ተገዛ። መሣሪያው፣ በቂ ባሕረኛው፣ የጥገናው ዝግጅት ኋላ ይደርሳሉ ተባለ። አንዳንዱ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ደረሰ፤ አንዳንዱ እስከ ዛሬ አልደረሰም፣ አይደርስምም።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው። ውሳኔውን ያሳለፉትን ሰዎች በስም አልጠቀስሁም። ጉዳዩ በአራት ፕሬዚዳንቶች ዘመን የዘለቀ ስለሆነ አንድን ሰው ነቅሶ መውቀስ እውነቱን ያደበዝዘዋል።

ዳራው

የቀዝቃዛው ጦርነት ሲያበቃ የአሜሪካ ባሕር ኃይል በእጁ የነበሩት መርከቦች ለሰፊው ውቅያኖስ የተሠሩ ግዙፍና ውድ ነበሩ። አደጋው ግን ወደ ባሕር ዳርቻ ተጠግቶ ነበር። በፌብሩዋሪ 1991፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት፣ ትሪፖሊና ፕሪንስተን የተባሉት መርከቦች በአንድ ቀን ጠዋት በባሕር ፈንጂ ተመቱ። በኦክቶበር 2000 ደግሞ ኮል የተባለችው ዲስትሮየር (ትልቅ የውጊያ መርከብ) ነዳጅ ለመቅዳት የመን ውስጥ ኤደን ወደብ እንደቆመች፣ ፈንጂ የጫነች ትንሽ ጀልባ ተጠግታ ጎኗን ሸነቆረችው። 17 ባሕረኞች ሞቱ። ከዚህ በላይ ፈንጂ ጠራጊዎቹ መርከቦች እያረጁ፣ ፍሪጌት የሚባሉት አነስ ያሉ የውጊያ መርከቦችም የጡረታ ጊዜያቸው እየደረሰ ነበር።

ስለዚህ በኖቬምበር 2001 አዲስ ዓይነት መርከብ እንደሚሠራ ይፋ ሆነ። የባሕር ጠረፍ ተዋጊ መርከብ ተባለች፤ በእንግሊዝኛ አህጽሮቷ ኤል ሲ ኤስ ትባላለች። ትንሽ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ የምትገባ፣ በሰዓት ከ40 ኖቲካል ማይል (ከ74 ኪሎ ሜትር) በላይ የምትከንፍ፣ በ40 ቋሚ ባሕረኞች ብቻ የምትንቀሳቀስ መርከብ ነበረች የታሰበችው። ዋጋዋ ያለ ተልዕኮ መሣሪያዋ 220 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል ተባለ። በኋላ የወጣው ዕቅድ 55 መርከቦችን ይቆጥር ነበር።

የሐሳቡ እምብርት መለዋወጥ ነው። መርከቧ ራሷ ሞተር፣ አንድ መድፍና ባዶ ቦታ ያላት ቀፎ ናት። በባዶው ቦታ ላይ ከሦስት የመሣሪያ ጥቅሎች አንዱ ይገባበታል፤ ፈጣን ጀልባዎችን የሚዋጋ፣ የባሕር ፈንጂ የሚያድን፣ ወይም ሰርጓጅ መርከብ የሚከታተል። ዛሬ ፈንጂ ስታድን የነበረችው መርከብ ወደብ ገብታ በጥቂት ቀናት ውስጥ ጥቅሏን ቀይራ ሰርጓጅ ፍለጋ ትወጣለች ማለት ነው። እውነቱን ለመናገር ሐሳቡ የሚማርክ ነው። ሦስት ዓይነት መርከብ ከመሥራት አንድ ሠርቶ ሆዱን መቀያየር ማንንም የሚያሳምን ቁጠባ ይመስላል።

ችግሩ የተጠነሰሰበት ቦታ

በሜይ 2004 ሁለት ቡድኖች ንድፋቸውን እንዲያጠናቅቁ ውል ተሰጣቸው። አንደኛው በሎክሂድ ማርቲን የሚመራው ሲሆን መርከቡን ይሠራ የነበረው በዊስኮንሲን ግዛት ማሪኔት ከተማ ነው። የብረት ቀፎ ያላትና ፍሪደም የተባለችው ዓይነት ከዚህ ወጣች። ሁለተኛው ቡድን በአላባማ ግዛት ሞቢል ከተማ፣ በኦስታል መርከብ መሥሪያ፣ ሙሉ በሙሉ ከአልሙኒየም የተሠራች ባለ ሦስት ቀፎ መርከብ አቀረበ። ኢንዲፔንደንስ ተባለች። መነሻዋ ሰውና መኪና የሚያመላልስ የንግድ ፈጣን መርከብ ነበር።

ዕቅዱ ሁለቱን ሠርቶ፣ ባሕር ላይ ፈትኖ፣ የተሻለውን መምረጥ ነበር። ፍተሻው ግን አልተጠበቀም። የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ገና ወደ ውኃ ሳይገቡ ተጨማሪዎቹ ታዘዙ። የግንባታው ደንብም በዚያው ሰሞን ተቀየረ። ከንግድ መርከብ ልማድ የተነሡት ነዳፊዎች ለጦር መርከብ የተዘጋጀ አዲስ መመዘኛ ደረሳቸው፤ ንድፉ እየታረመ ሳለ ብረቱ መቆረጥ ጀምሮ ነበር። ተቆርጦ የተበየደው ተመልሶ ይፈታል፣ ቧንቧና ሽቦ ይነቀላል፣ እንደገና ይገጠማል። ውሉ ደግሞ ተቋራጩ ያወጣውን ወጪ መንግሥት የሚተካበት ዓይነት ስለነበር የድጋሚ ሥራው ሒሳብ ወደ መንግሥት ሄደ።

ፍሪደም በኖቬምበር 2008 ወደ አገልግሎት ስትገባ ዋጋዋ ከ600 ሚሊዮን ዶላር አልፎ ነበር። በጃንዋሪ 2010 የተከተለችው ኢንዲፔንደንስ ከ700 ሚሊዮን በላይ ፈጀች። አባቶች «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የሚሉት ለእንዲህ ዓይነቱ ነው።

የዋጋው መናር ግን በጣም የታየው እንጂ በጣም የከፋው ችግር አይደለም። የከፋው በባዶው ቦታ ላይ የደረሰው ነው።

ጀልባ ተዋጊው ጥቅል ዋና ሚሳይሉን ሌላ የጦር ክፍል፣ ማለትም ምድር ጦሩ፣ ከሚያካሂደው ፕሮጀክት ነበር የሚጠብቀው። ምድር ጦሩ በ2010 ፕሮጀክቱን ሰረዘው። መርከቦቹ እየተሠሩ ሚሳይላቸው ጠፋ። ከሄሊኮፕተር የሚተኮሰው ሔልፋየር ሚሳይል ለመርከብ ተስተካክሎ ቦታውን እስኪይዝ ብዙ ዓመታት አለፉ።

ፈንጂ አዳኙ ጥቅል የቆመው በከፊል ሰምጦ በሚሄድና ሶናር (በድምፅ ውኃ ውስጥ ያለን ነገር የሚያገኝ መሣሪያ) በሚጎትት ሰው አልባ ጀልባ ላይ ነበር። ጀልባው ሳይበላሽ በአማካይ 75 ሰዓት መሥራት ይጠበቅበታል፤ በተደጋጋሚ ሲፈተን የዚያን ግማሽ እንኳ አልሞላም። በ2016 ተተወ። ጥቅሉ በሌሎች መሣሪያዎች እንደገና ተዋቅሮ ለሥራ ብቁ ነው የተባለው በ2023 ነው። ይህም ፍሪደም ወደ አገልግሎት ከገባች ከ14 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የሰርጓጅ አዳኙ ጥቅል በክብደቱና በሶናሩ ችግር ሲንከባለል ቆይቶ በ2022 ተሰረዘ።

ከሦስቱ ሆዶች አንዱ ዘግይቶ፣ አንዱ እጅግ ዘግይቶ ደረሰ፣ አንዱ ከነጭራሹ ቀረ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቀፎዎቹ ያለማቋረጥ ይመረቁ ነበር።

አንድ ብልሽት በቅርብ ሲታይ

ሚልዋኪ የተባለችው መርከብ፣ ከፍሪደም ዓይነት ሦስተኛዋ፣ ኖቬምበር 21 ቀን 2015 በስሟ በተጠራችበት ከተማ ወደ አገልግሎት ገባች። ከታላላቆቹ ሐይቆች ወጥታ ወደ አትላንቲክ ስትወርድ ዲሴምበር 11 ቀን በቨርጂኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ ቆመች። ገና 20 ቀኗ ነበር። ከ40 ኖቲካል ማይል በላይ ተጎትታ ወደብ ገባች። የመጀመሪያው ምርመራ ያገኘው ነገር የዘይት ፊልትሮው ውስጥ የተጠራቀመ ደቃቅ የብረት ብናኝ ነው።

መኪና የሚያውቅ ሰው ፊልትሮ ውስጥ ብረት ሲያይ ልቡ ይሰነጠቃል። ብናኙ ከየትም አይመጣም፤ የሆነ ቦታ ብረት ብረትን እየበላ ነው። የዚህች መርከብ ነገር እንዲህ ነው። ሁለት የናፍጣ ሞተሮችና ሁለት ጋዝ ተርባይኖች አሏት። በዝግታ ስትሄድ ናፍጣው ይበቃታል። በሰዓት ከ40 ኖቲካል ማይል በላይ እንድትከንፍ ግን ተርባይኖቹ ተነሥተው ከናፍጣው ጋር በአንድ ላይ መግፋት አለባቸው። የሁለቱን የተለያየ ፍጥነት ያለው ጉልበት የሚያገናኘው አጣማሪ ካምቢዮ ነው። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ፍሪሲዮን ሞተሮቹ ሲቀያየሩ በትክክል መያዝና በትክክል መልቀቅ አለበት። በሚልዋኪ ላይ መልቀቅ በነበረበት ጊዜ አልለቀቀም፤ እየተሽከረከረ ራሱን ፈጨ።

ከአንድ ወር በኋላ፣ በጃንዋሪ 2016፣ ፎርት ዎርዝ የተባለችው እኅቷ ሲንጋፖር ወደብ ላይ በዚያው ካምቢዮ ተጎዳች። የዚህኛው ምክንያት የሰው ነበር። ባሕረኞቹ ሞተሩን ሲፈትሹ ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ዞረ። ወራት ሙሉ ሲንጋፖር ቆማ ቀረች። በዚያው ዓመት ከሁለቱም ዓይነቶች ሌሎች መርከቦች በተለያየ የሞተር ጉዳት ተከታትለው ሲቆሙ ባሕር ኃይሉ የሁሉንም የሞተር ክፍል ባሕረኞች ሥራ አስቁሞ ዕውቀታቸውን እንደገና መረመረ፤ ሥልጠናም ሰጠ። የተወሰደው ትምህርት «የሥልጠና ጉድለት ነው» የሚል ነበር።

ያ ትምህርት ግማሹን ብቻ የያዘ ነበር። በ2020 ሊትል ሮክና ዲትሮይት በተከታታይ በካምቢዮ ተበላሹ። ተፈትቶ ሲታይ ጥፋቱ የባሕረኛ አልነበረም፤ የፍሪሲዮኑ ኩሽኔታዎች ያለ ጊዜያቸው የሚሰበሩት በአሠራራቸው ጉድለት ነበር፤ ጉድለቱም በሁሉም የፍሪደም ዓይነት መርከቦች ላይ ነበር። በጃንዋሪ 2021 ባሕር ኃይሉ ጉድለቱ እስኪስተካከል ድረስ አዲስ የፍሪደም ዓይነት መርከብ አልረከብም አለ። በዚያን ጊዜ አሥር መርከቦች ተረክቦ ነበር፤ ሌሎቹም በማሪኔት በተለያየ የግንባታ ደረጃ ላይ ነበሩ።

ይህን ብልሽት ያስረዘምሁበት ምክንያት አለኝ። ካምቢዮውን ያስፈለገው ፍጥነቱ ነው። ያን ያህል ፍጥነት ለምን እንዳስፈለገ ግን አሳማኝ መልስ አላገኘሁም። ከሚሳይል የሚያመልጥ መርከብ የለም፤ ጀልባን ለማባረርም ሄሊኮፕተር ይበልጣታል። በመነሻው ሰነድ ላይ የሰፈረ አንድ ቁጥር ተርባይኑን አስገደደ፣ ተርባይኑ ካምቢዮውን፣ ካምቢዮው ክብደቱን። ለፍጥነት ሲባል ክብደቷ እንዲቀል የተደረገች መርከብ ደግሞ ከባድ ሶናር ለመሸከም ይቸግራታል። ጉዳቷን ተሸክሞ የመዋጋት አቅሟም ያንስ ነበር። የመከላከያ ሚኒስቴሩ የፍተሻ ቢሮ ከባድ ውጊያ ባለበት ቦታ ተመትታ ትተርፋለች ብሎ እንደማይጠብቅ በዓመታዊ ሪፖርቱ ደጋግሞ ጽፏል።

የአልሙኒየሟ እኅትም የራሷ ጣጣ ነበራት። በ2011 ኢንዲፔንደንስ ላይ የውኃ መግፊያው አካባቢ ክፉ ዝገት ተገኘ። አልሙኒየምና ብረት በጨው ውኃ ውስጥ ሲገናኙ እንደ ባትሪ ይሠራሉ፤ አልሙኒየሙ እየተበላ ያልቃል። ይህ በመርከብ ሥራ የታወቀ ነገር ነው፤ መከላከያውም የታወቀ ነው። በመጀመሪያዋ መርከብ ላይ ግን የተሟላ መከላከያ አልተገጠመም። በ2022 ደግሞ በዚሁ ዓይነት ስድስት መርከቦች ቀፎ ላይ ስንጥቅ መገኘቱ ታወቀ። ማዕበሉ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ሲጠጋ በሰዓት ከ15 ኖቲካል ማይል በላይ እንዳይሄዱ ታዘዙ። ለፍጥነት ሲባል ሁሉን ነገር የከፈለች መርከብ ናት።

የተወሰዱ እርምጃዎች

ባለሥልጣናቱ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። በ2007 ወጪው ሲንር የሦስተኛዋና የአራተኛዋ መርከብ ውሎች ተሰረዙ። ኮንግረሱም በኋላ ለአንድ መርከብ 480 ሚሊዮን ዶላር የዋጋ ጣሪያ በሕግ አኖረ። ከዚያ ከሁለቱ ዓይነት አንዱ በጨረታ እንዲመረጥ ተወሰነ። ዋጋዎቹ ሲቀርቡ ሁለቱም ከተጠበቀው በታች ሆኑ። በ2010 መጨረሻ ባሕር ኃይሉ ሐሳቡን ቀይሮ ከእያንዳንዱ አሥር አሥር መርከብ ለመግዛት የኮንግረስን ፈቃድ አገኘ።

በ2014 መጀመሪያ የመከላከያ ሚኒስትሩ ከ32 በላይ እንዳይገዛ አገዱ፤ የተሻለ አማራጭም እንዲጠና አዘዙ። በዓመቱ መጨረሻ ቁጥሩ ተመልሶ 52 ሆነ፤ ቀሪዎቹ የተጠናከሩ እንዲሆኑ ብቻ ተጠየቀ። በዲሴምበር 2015 በወንበሩ የተተኩት ሚኒስትር ለባሕር ኃይሉ ጠንካራ ማስታወሻ ላኩ። ባሕር ኃይሉ ለመርከብ ብዛት ቅድሚያ ሰጥቶ ለመዋጋት አቅም ግን በቂ ትኩረት እንዳልሰጠ ገልጸው፣ ግዢው በ40 እንዲቆም፣ ገንዘቡም ወደ ሚሳይል፣ ወደ ተዋጊ አውሮፕላንና ወደ ሰርጓጅ መርከብ እንዲዞር አዘዙ። በዚህ ታሪክ ውስጥ የቅደም ተከተሉን ጥያቄ ፊት ለፊት ያነሣ ሰነድ እርሱ ነው ብዬ አምናለሁ።

በ2016 የተደረገው ግምገማ የመለዋወጡን ሐሳብ በተግባር ቀበረው። እያንዳንዷ መርከብ አንድ ተልዕኮ ብቻ ይኖራታል ተባለ፤ ሁለት የባሕረኛ ቡድን እየተፈራረቀ ይሠራባታል፤ አንዱ ዓይነት ሳን ዲዬጎ፣ ሌላው ሜይፖርት ይሰፍራል። ከ40 ተነሥቶ 50 የደረሰው የባሕረኛ ቁጥርም ከመሣሪያው ባለሙያዎች ጋር ተዋሕዶ ወደ 70 ከፍ አለ።

የሠራው

በቁርጥ ዋጋና በጅምላ መግዛቱ ሠርቷል። ከ2010 በኋላ የታዘዙት መርከቦች ዋጋቸው ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በእጅጉ ዝቅ አለ። ሠራተኛው ያንኑ ሥራ እየደጋገመ እጁን ፈታ፤ ንድፉም ረጋ። ይህን ግዢ የሚነቅፍ ሰው ይህን ሊክድ አይገባውም።

ባሕር ላይም ከንቱ አልነበሩም። የኢንዲፔንደንስ ዓይነቶቹ ከሲንጋፖር እየተነሡ በደቡብ ቻይና ባሕር ለረዥም ጊዜ ቃኝተዋል። በ2019 ጋብሪኤል ጊፎርድስ የተባለችው መርከብ የኖርዌይ ሥሪት የሆነ የረዥም ርቀት ፀረ መርከብ ሚሳይል ታጥቃ ወጣች። ያ ሚሳይል በመጀመሪያው ዕቅድ ላይ አልነበረም፤ ተሠርቶ ያለቀ መሣሪያ ገዝቶ መግጠም አዲስ ከመፈልሰፍ እንደሚፈጥን አሳይቷል። የፍሪደም ዓይነቶቹ ከባሕር ጠረፍ ጠባቂው ጋር ሆነው በካሪቢያን አደገኛ ዕፅ ይይዙ ነበር። በሴፕቴምበር 2024 ኢንዲያናፖሊስ ከሁለት ዲስትሮየሮች ጋር በቀይ ባሕር ስታልፍ ሚሳይልና ሰው አልባ አውሮፕላን ተሰነዘረባቸው፤ ሦስቱም ሳይጎዱ ወጡ። በ2025 ደግሞ ካንቤራ የተባለችው መርከብ ፈንጂ አዳኝ ጥቅሏን ይዛ ባሕሬን ደረሰች። መጀመሪያ የታሰበው ሥራ እርሱ ነበር።

ያልሠራው

ሁለት ዓይነት መግዛት በጨረታው ቀን ያተረፈውን በጥገናው ዘመን በላው። ሁለት ዓይነት ቀፎ፣ ሁለት ዓይነት ሞተር፣ ሁለት የውጊያ ሥርዓት፣ ሁለት የመለዋወጫ መጋዘን፣ ሁለት የሥልጠና መስመር። በአንዱ የሠለጠነ ባሕረኛ ወደ ሌላው ሲዛወር እንደገና ይማራል። የመንግሥቱ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2022 እንዳመለከተው እነዚህን 35 መርከቦች ዕድሜያቸውን ሙሉ ማንቀሳቀስና መጠገን ከ60 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይጠይቅ ነበር። ለመግዛት ከወጣው ይህ በእጥፍ ይበልጣል፤ በግዢው ክርክር ላይ ግን የሚነሣው የግዢው ዋጋ ነበር።

ባሕረኛን ማሳነስም ቁጠባ አልሆነም። ፍሪደም በ2013 ወደ ሲንጋፖር ስትሄድ ባሕረኞቿ በቀን የሚተኙት በአማካይ 6 ሰዓት ገደማ እንደነበር ኦዲተሮቹ መዝግበዋል፤ የባሕር ኃይሉ መለኪያ 8 ነው። ጥቂት ሰው ስለሆኑ አብዛኛውን ጥገና ይሠራ የነበረው ተቋራጭ ነው፤ መርከቧ ያለችበት አገር ድረስ በአውሮፕላን ይላክ ነበር። ለአንዳንዱ መሣሪያ ባሕር ኃይሉ የጥገና ሰነዱን እንኳ አልገዛም ነበር። የገዛኸውን ዕቃ የመፍታት መብት ካልገዛህ ዕቃው ሙሉ በሙሉ ያንተ አይደለም።

ማቆምም አልሠራም። ይህ የጉዳዩ በጣም አሳዛኝ ክፍል ነው። ባሕር ኃይሉ ፍላጎቱን ወደ 32 ዝቅ ካደረገ በኋላ ለ2019 በጀት ዓመት አንድ መርከብ ጠየቀ፤ ኮንግረሱ ሦስት ፈቀደለት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመትም ሦስት ነበር የተፈቀደው። ጠቅላላው 35 ላይ የቆመው እንዲህ ነው። ማሪኔትና ሞቢል ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንጀራ ይበሉ የነበሩት በዚህ ሥራ ነው። ግንባታው ከቆመ የሠለጠነ ብየዳ ሠራተኛ ይበተናል፤ የተበተነ ሙያተኛ ደግሞ ተመልሶ አይሰበሰብም። ይህ የምር ክርክር ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን የመርከብ መሥሪያውን ማቆየት ዓላማ ከሆነ በዚያ ስም በግልጽ በጀት ይመደብለት። የባሕር ኃይሉ ፍላጎት ተብሎ ሲቀርብ ሚሳይል፣ መለዋወጫና ጥገና የሚገዛበት ገንዘብ ነው የሚቀነሰው።

መውጫውም ላይ ያው ሆነ። ባሕር ኃይሉ በ2022 ባቀረበው በጀት ዘጠኝ የፍሪደም ዓይነት መርከቦችን ልሸኝ ሲል ኮንግረሱ አምስቱን እንዳይነካ ከለከለው። ሚልዋኪ፣ ዲትሮይት፣ ሊትል ሮክና ሱ ሲቲ በ2023 ተሸኙ።

ይህ ዝንባሌ በዚህች መርከብ ብቻ አልታየም። በዚያው ዘመን የተነደፈችው ዙምዋልት የተባለች ግዙፍ ዲስትሮየር 32 ልትሠራ ታስባ ሦስት ብቻ ተሠሩ። የመርከቦቹ ቁጥር ሲያንስ የታዘዘው ጥይት ቁጥር አነሰ፣ ቁጥሩ ሲያንስ የአንዱ ጥይት ዋጋ ወደ 800 ሺህ ዶላር ወጣ። በ2016 ጥይቱን መግዛት ተተወ። ሁለት ትልልቅ መድፎች ያሏቸው መርከቦች ያለ ጥይት ቀሩ።

ወደ ሌላ ሥራ የሚሻገር ትምህርት

መርከብ ለማይገዛም ሰው የሚጠቅሙት የምላቸው ጥቂት ናቸው።

አንድ ዕቃ ጥቅም የሚሰጠው ሌላ ሦስት ነገር ሲደርስለት ብቻ ከሆነ፣ ክፍያው ከሦስቱ መድረስ ጋር መታሰር አለበት። በዚህ ግዢ የቀፎው መርሐ ግብርና የመሣሪያው መርሐ ግብር ለየብቻ ይሄዱ ነበር፤ የአንዱ መዘግየት ሌላውን አያቆመውም። ሚሳይሉ በ2010 ሲሰረዝ የቀፎ ግዢው ለአንድ ቀን እንኳ አልቆመም፤ እንዲያውም ሃያው መርከቦች የታዘዙት በዚያው ዓመት ነው። የሌላ መሥሪያ ቤት ፕሮጀክት ላይ የተንጠለጠለ ዕቅድ ያለው ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «እነርሱ ቢሰርዙት ምን በእጄ ይቀራል?» መሆን አለበት።

ከመነሻው ሰነድ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ እየጠሩ ዋጋቸውን መጠየቅ ያስፈልጋል። በሰዓት ከ40 ኖቲካል ማይል ይልቅ 30 ቢባል ኖሮ ምን ይቀር ነበር? ይህን ጥያቄ በ2002 መጠየቅ ዋጋው አንድ ስብሰባ ነው። በ2021 ሲጠየቅ አሥር መርከብ ተፈትቶ ካምቢዮ ይቀየራል።

የመጀመሪያው ናሙና ሳይፈተን ተከታዩን ማዘዝ ስሕተትን ማባዛት ነው። የፍሪሲዮኑ ጉድለት በአንዷ ፍሪደም ላይ በደንብ ተፈትኖ ቢገኝ የአንድ መርከብ ጥገና ይሆን ነበር።

ስለ ብልሽት ምርመራም አንድ ነገር ልጨምር። በ2016 ጥፋቱ በሥልጠና ላይ ሲደመደም ፎርት ዎርዝ ላይ በእርግጥ የሰው ስሕተት ስለነበር ድምዳሜው ምቹ ነበር። ያው ዕቃ በተለያየ ምክንያት ሁለት ጊዜ ሲበላሽ ግን ዕቃው ራሱ መመርመር አለበት። አራት ዓመት የጠፋው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ

የጠረፍ ተዋጊዋን ጉድለት እንድትሞላ የታሰበችው አዲስ ፍሪጌት ኮንስቴሌሽን ትባላለች። በኤፕሪል 2020 ውሉ የተሰጠው ለዚያው ለማሪኔት መርከብ መሥሪያ ነው። በዚህ ጊዜ ትምህርቱ የተወሰደ መስሎ ነበር። አዲስ ከመፈልሰፍ ይልቅ በጣሊያንና በፈረንሳይ ባሕር ኃይሎች ውስጥ የምትሠራ፣ የተፈተነች ፍሪጌት እንደ መነሻ ተመረጠች። ከመነሻዋ ጋር 85 በመቶ ያህል ትመሳሰላለች ተባለ።

ከዚያ ማሻሻያው መጣ። መመዘኛ ተጨመረ፣ መሣሪያ ተቀየረ፣ ቀፎው ረዘመ፣ ክብደቷ ከታሰበው ከአሥር በመቶ በላይ ጨመረ። ተመሳሳይነቱ ከ15 በመቶ በታች ወረደ። በኦገስት 2022 የመጀመሪያው ብረት ሲቆረጥ ንድፉ ገና አላለቀም ነበር። በኤፕሪል 2024 የመጀመሪያዋ መርከብ ሦስት ዓመት እንደምትዘገይ ባሕር ኃይሉ አስታወቀ። በኖቬምበር 2025 ከታዘዙት ስድስት መርከቦች አራቱ ተሰረዙ። ሥራቸው እንዲቀጥል የተወሰነው ኮንስቴሌሽንና ሁለተኛዋ ብቻ ናቸው፤ የሁለተኛዋም ስም ኮንግረስ ነው።